ፕሮግኖሲስ በአማርኛ ምንድነው፣ ትንበያ ወይስ ሟርት?

አስተርጓሚዋ፦ ሰላም የቃል ሰዎች፣ እስቲ ፍረዱኝ። አሜሪካ ሆስፒታል ውስጥ አስተረጉማለሁ፣ በቀደም ደረታቸውን አሟቸው የገቡ አባት ነበሩ፣ ዶክተሩ ለባለቤታቸው "ሃይ ሪስክ ናቸው" ሲል እኔ ቸኩዬ "አደጋ ላይ ናቸው" አልኳ! እማማ ነጠላቸውን ሊያዘቀዝቁ ምንም አልቀራቸው። ለካ ሰውዬው የሚያወራው ስለ ነጥብ ነው፣ የልብ ታማሚን ስጋት በነጥብ በሚለካው፣ ግሬስ በሚሉት ስኮር ከ140 በላይ ስላመጡ በ24 ሰዓት ውስጥ የልባቸው ደም ስር በካቴተር፣ በቀጭን ቱቦ ይታይ ነው ነገሩ። ፕሮግኖሲስ የምትለዋንም፣ በሽታው ወደፊት ምን ይሆናል የሚባለውን፣ ዘልያት ነው የመጣሁት፣ እናንተ ምን ትሏታላችሁ?

ግዕዝ ወዳጅ፦ እህቴ፣ ሪስክ ስጋት ነው። አደጋ የደረሰ ነገር ነው፣ የመኪና አደጋ ከተባለ ተጋጭቷል፣ አለቀ። ፕሮግኖሲስ ግሪክ ነው፣ ፕሮ ቀድሞ፣ ግኖሲስ ማወቅ፣ ስለዚህ ትንበያ።

የሸገር ልጅ፦ ጋሼ ትንበያ ግን ነቢይ ነቢይ ይሸታል። ለታማሚ ቤተሰብ "ትንበያው ጥሩ አይደለም" በልና "አፍህን ቁረጠው፣ አታሟርት" ይሉሃል። እኔ "የበሽታው አካሄድ" ነው የምለው።

ግዕዝ ወዳጅ፦ የአየር ትንበያ ስትሰማ ነቢይ ታስባለህ እንዴ ልጄ?

ነርሷ፦ ጋሼ እውነታቸውን ነው፣ ስራውም እንደ አየር ትንበያው ነው። እንደ ግሬስ ያለ ቲሚ የሚባል ስኮር አለ፣ በፈረንጆች 2000 የወጣ፣ 7 ነገር ይቆጥራል፣ እድሜ 65 እና ከዚያ በላይ፣ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ላይ ለውጥ፣ ደም ውስጥ ትሮፖኒን (ልብ ሲጎዳ የሚወጣ ፕሮቲን) ምናምን። 0 ወይ 1 ካመጡት ከመቶ 5 ያህሉ፣ 6 ወይ 7 ካመጡት 41 ያህሉ በ14 ቀን ውስጥ ወይ ይሞታሉ ወይ ሃርት አታክ ይይዛቸዋል ወይ የልባቸው ደም ስር በአስቸኳይ ይከፈታል። የትኛው ሰው እንደሆነ ግን ስኮሩ አያውቅም፣ ሟርተኛ ግን ስም ጠርቶ ነው የሚያሟርተው ሃሃ

እኔን የሚያናድደኝ ሪስክ ፋክተርን ሁሉ "አጋላጭ" ማለት ነው። ሲጋራ፣ ስኳር፣ ግፊት እሺ አጋላጭ ይባሉ። ግን ቲሚ ላይ ባለፉት 7 ቀናት አስፕሪን የወሰደ ሰው 1 ነጥብ ይጨመርበታል! አስፕሪን አጋልጦት ነው? አይደለም፣ እየወሰደም በሽታው ስለመጣ የከረረ ነው ማለት ነው። "አጋላጭ" ብለሽ ካስተረጎምሽ ታማሚው ቤቱ ሄዶ አስፕሪኑን ይጥለዋል። እዚህ ጋ "ጠቋሚ" በይ።

የሸገር ልጅ፦ ጠቋሚ ሲባል እኔ ደግሞ የቀበሌ ጆሮ ጠቢ ነው የሚታየኝ 😂 ግን ይሻላል። የልቡን በሽታ "አኪዩት ኮሮነሪ" ሲሉትስ፣ አኪዩት ምንድነው?

ግዕዝ ወዳጅ፦ አጣዳፊ ነዋ፣ አተትን ስንት ዓመት አጣዳፊ ስንለው ኖረን። ኮሮነሪ ደግሞ ከላቲን ኮሮና ነው፣ ዘውድ፣ ስሮቹ ልብን እንደ ዘውድ ስለሚከቡት። ከኮሮና ቫይረሱ ጋር ዘመዳሞች ናቸው በስም።

አስተርጓሚዋ፦ ዘውዱን እማማ ጋ አልሞክረውም 😅 "ስጋታቸው ከፍ ያለ ስለሆነ ዛሬውኑ ደም ስራቸውን ሊያዩላቸው ነው" ብላቸው ኖሮ "ታዲያ ምን ያስቆማችኋል፣ ውሰዷቸው" ነበር የሚሉኝ።