የዕቅድ ውይይት፦ የዊንጌት መታሰቢያ ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እስካሁን የተስማማነው ለመጋቢት 15 በሚቀርበው ቅዳሜ አሜሪካ፣ አርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር ያለውን የእንግሊዛዊውን መኮንን የሜጀር ጄኔራል ኦርድ ዊንጌትን መቃብር እንድንጎበኝና ሚያዝያ 27 የሚቆም አንድ ባነር እንድናዘጋጅ ነው። ረቂቁ ለቦርድ ከመቅረቡ በፊት አርሙት።

የታሪክ ንዑስ ኮሚቴ፦ ከረቂቁ «ጄኔራል ዊንጌት በጥር 1933 ኦሜድላ (የሱዳን ድንበር) ገባ» የሚለው ይውጣ። ጎጃም ሲዘምት ጄኔራል አልነበረም። የጌዴዎንን ጦር (ከሱዳን ተነስቶ ጎጃም ላይ ጣልያንን የወጋውን ትንሽ ጦር) የመራው በጊዜያዊ የኮሎኔል ማዕረግ ነው፤ ጦሩ ሲበተን ወደ ሻለቃነቱ መለሱት። ጄኔራልነቱን ያገኘው በኋላ በበርማው ዘመቻ ጊዜ ነው። («ጄኔራል ዊንጌት» የሚለው የአዲስ አበባው ትምህርት ቤት ስም ነው ሁሉንም የሚያሳስተው።)

«ሦስት ሜዳሊያ» የሚለውም አያስኬድም። ዲ.ኤስ.ኦ. ለጦር መኮንኖች የሚሰጥ አንድ የእንግሊዝ ኒሻን ነው፦ መጀመሪያ በፍልስጤም፣ እ.ኤ.አ. 1938። ለኢትዮጵያና ለበርማ የተሰጡት በሪባኑ ላይ የሚጨመሩ ሁለት ዘንጎች ናቸው። «ዲ.ኤስ.ኦ. ከሁለት ዘንግ ጋር» ተብሎ ይጻፍ።

አንድ አባል፦ ሕንድ ውስጥ የሞተ እንግሊዛዊ አርሊንግተን ምን ያደርጋል ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ባነሩ ይመልስ።

የታሪክ ንዑስ ኮሚቴ፦ ልክ ነው፤ ሁለት መስመር ይበቃዋል። መጋቢት 15 ቀን 1936 (እ.ኤ.አ. ማርች 24፣ 1944) ሕንድ ውስጥ ከኢምፋል የተነሳበት የአሜሪካ ቢ-25 የጦር አውሮፕላን ማኒፑር ተራሮች ላይ ወደቀ፤ የተረፈ የለም። አስከሬኖቹ ተቃጥለው ማንነታቸው ስላልተለየ፣ አብረውት የሞቱት አሜሪካውያን ስለነበሩም፣ እ.ኤ.አ. በ1950 አጽማቸው በአንድነት አርሊንግተን ተቀበረ። ሁለቱም የዘመን አቆጣጠር ይግባ። «1936» ብቻ ከተጻፈ እዚህ አሜሪካ ያደገ ልጅ ጣልያን ገና ማይጨው ላይ ሳለች ሞተ ብሎ ያነበዋል።

ሌላ አባል፦ የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን ነው። ባነሩን አንድ ፈረንጅ ከሞላው ቀኑን ሰጠን ማለት ነው።

የታሪክ ንዑስ ኮሚቴ፦ እስማማለሁ። ከላይ አንድ ሦስተኛው የእሱ፣ የቀረው የዘመቻው ይሁን። የጌዴዎን ጦር ከ2,000 የማይበልጥ ሰው ነበር፦ የሱዳን ድንበር ሻለቃና 2ኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ። የካቲት 27 ቀን 1933 ደምበጫ አጠገብ ከቡሬ የሚሸሸው የጣልያን ጦር ድንገት የተላተመው ከኢትዮጵያው ሻለቃ ጋር ነው፤ ብዙ ሰው ወደቀበት። ይህ ይጻፍ። የግመሎቹም ነገር፦ ከሱዳን የተነሱት 15,000 ገደማ ሲሆኑ አብዛኞቹ በድንጋያማው ዳገትና በደጋው ብርድ አለቁ። የጎጃም አርበኞች አገሩን አስቀድመው ባይዙት ኖሮ ይህ ጦር የትም አይደርስም ነበር።

ገንዘብ ያዥ፦ ስለ ኅትመቱ፦ መጠኑ 80 በ200 ሳንቲሜትር፣ ጽሑፉ ከ150 ቃል አይለፍ፤ ከዚያ በላይ ቆሞ የሚያነብ የለም። ፋይሉ ሲላክ ፊደሉ ወደ ቅርጽ ተቀይሮ ይላክ፤ ካልሆነ ማተሚያ ቤቱ የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ጽሑፉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል። «ጌዴዎን» በየገጹ አጻጻፉ ይለያያል፤ አንዱን ምረጡ።

የጉዞ አስተባባሪ፦ አዋቂ ሁሉ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ይያዝ። ወደ ውስጥ በመኪና አይገባም፤ ለአዛውንቶች መጓጓዣ አስቀድሜ ልጠይቅ። መቃብሩ ያለው ክፍል 12 ነው። ድንጋዩ የጋራ ስለሆነ ለብቻው የቆመ መቃብር ስትፈልጉ እንዳታልፉት። ትኩስ አበባ ይፈቀዳል፤ የብርጭቆ ማስቀመጫ አይፈቀድም። ንግግርና ጸሎት ካሰብን ፈቃድ በጽሑፍ ይጠየቅ፤ ያለዚያ አበባ አኑረን ዝም ብለን መመለስ ነው። ቀኑ ምንጊዜም ዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላል፤ ምሳው የጾም ይታዘዝ።

አንድ አባል፦ የአበባው ሪባን ላይ ምን ይጻፍ? «ለዊንጌት» ብቻ?

ጸሐፊ፦ አይሆንም፤ አብረውት የተቀበሩት ሰዎች አሉ። «ከኢትዮጵያውያን» ተብሎ ይበቃል። የተስተካከለውን ረቂቅ ሐሙስ ማታ እልካለሁ፤ የፈቃዱን ደብዳቤ ጋሼ አስተባባሪ ይጻፉልን።