ነጻውና የሚከፈልበት መተግበሪያ፦ ሁለት ኮድ ወይስ አንድ?

ጥያቄ፦
የዘመን መቁጠሪያ መተግበሪያ አለኝ። ነጻው ማስታወቂያ ያሳያል፤ የሚከፈልበት ግን ማስታወቂያ የለውም፣ ለአጽዋማትም ያስታውሳል። ሲጀመር ኮዱን እንዳለ ገልብጬ ሌላ ማኅደር ውስጥ አስቀመጥሁት፤ ስንፍና ነው። በ2015 ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን ስሕተቱን በአንዱ አርሜ በሌላው ረሳሁ። ነጻው ጳጉሜን 6ን ዘልሎ መስከረም 1 አለ! አንዲት እናት «ልጄ፣ ዶሮው ዛሬ ይታረድ ወይስ ነገ?» ብለው ጻፉልኝ። እናንተ እንዴት ታደርጋላችሁ?

መልስ፦
ወንድሜ፣ ኮዱን አንድ አድርገው። በአንድሮይድ ስቱዲዮ ግሬድል (ኮዱን ወደ መተግበሪያ የሚገነባው መሣሪያ) ላይ ሁለት ፍሌቨር፣ ማለትም ከአንድ ኮድ የሚወጡ ሁለት ዓይነት መተግበሪያዎች፣ ክፈት። ስሌቱ በጋራው ማኅደር፣ ማስታወቂያው በነጻው ብቻ ይቀመጥ። የሁለቱን የጥቅል ስም (ፕሌይ ስቶር መተግበሪያውን የሚለይበትን መለያ) ግን እንዳትነካ፤ ከተለወጠ ፕሌይ ስቶር እንደ አዲስ መተግበሪያ ነው የሚቆጥረው።

መልስ፦
እኔ ብሆን ነጻውን ብቻ ይዤ ክፍያውን ውስጡ አስገባ ነበር። አሁን ደንበኛህ ገዝቶ ሲሻገር በነጻው የጻፈው ማስታወሻ አይከተለውም፤ መተግበሪያዎቹ የየራሳቸው ማከማቻ አላቸውና። ነጻውን ራሱን ዋጋ ልለጥፍበት እንዳትል ደግሞ፤ ፕሌይ ስቶር አንዴ በነጻ የወጣን አያስቀይርም።

ጠያቂው፦
የከፈሉት ሰዎች ቅር እንዳይላቸው ለጊዜው ፍሌቨሩን መርጫለሁ። ትናንት ሌሊት ስሌቱን አንድ ቦታ ሰበሰብሁ፤ 2019ን አስገብቼ ስሞክረው ሁለቱም ጳጉሜን 6ን አሳዩ። እናታችን ያን ጊዜ ጎረቤት ጠይቀው ዶሮውን በማግሥቱ ነው ያሳረዱት።