ለምርጫ ተወዳዳሪዎች የተራራችንን ጉዳይ እንዴት አድርገን እናቅርብላቸው?

ጥያቄ፦ ከተሁለደሬ (ደቡብ ወሎ)፣ የቅሬ (የእድር) ጸሐፊ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ ቀበሌ የቅሬያችን ጸሐፊ ሆኜ አገለግላለሁ። ከመንደራችን በላይ ያለው ተዳፋት በአባቶቻችን ጊዜ ከእንስሳት ንክኪ ተከልሎ ወይራውና ክትክታው መልሶ የበቀለበት ቦታ ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን የጥበቃዎቹ ክፍያ በመቋረጡ ልቅ ግጦሽ ተመልሶበታል። ከማሳችን ግርጌ የጀመረው ቦረቦርም በየክረምቱ ወደ ላይ እየበላ መጥቶ፣ ባለፈው ነሐሴ የአንዲት አሮጊት ጎረቤታችንን የጓሮ ጌሾ ከነሥሩ ይዞት ወርዷል። ሐይቁ መውጫ ስለሌለው የታጠበው አፈር እዚያው ገብቶ ይቀራል።

ምርጫ በመጣ ቁጥር ተወዳዳሪዎች ስለ መንገድና ስለ መብራት ይነግሩናል፤ እኛም የምንጠይቃቸው ይህንኑ ነው። በዚህኛው ምርጫ የተራራውን ማገገም ቀዳሚ ጥያቄ አድርገን እንድናቀርብ ቅሬው ተስማምቷል። የቸገረን አቀራረቡ ነው። ደብዳቤ እንጻፍ ወይስ ስብሰባ እንጥራ? «እናያለን» ከሚለው መልስ ያለፈ ነገር የምናገኘው ምን ብለን ብንጠይቅ ነው? ቅሬያችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለበት ስለሆነ በፓርቲ ወገንተኝነት እንዲታማ አንፈልግም።

መልስ፦ ከደሴ፣ ጡረታ የወጣ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ልቤን ነክቶታል፤ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በዚሁ ሥራ ነውና። «ተፈጥሮን ትጠብቁልናላችሁ ወይ?» ብላችሁ እንዳትጠይቁ። አይሆንም የሚል ተወዳዳሪ አይገኝምና ጥያቄው ማንንም ከማንም አይለይላችሁም። የቦታውን ስም፣ ስፋቱን በሄክታር፣ ሥራው የሚጀመርበትን ወርና ወጪውን ጠቅሳችሁ ጠይቁ። ለምሳሌ ጥበቃዎቹ ስንት እንደሆኑና በወር ስንት ብር ይከፈላቸው እንደነበር በጽሑፍ ካስቀመጣችሁ፣ ተወዳዳሪው በዝርዝር ለመመለስ ይገደዳል።

ሁለተኛው ነገር ከታሪካችን የሚወሰድ ነው። ከ1977ቱ ድርቅ በፊትም በኋላም ወሎ ውስጥ በምግብ ለሥራ ብዙ እርከን ተሠርቷል፣ ብዙ ተራራም ተከልሏል። ከደሴ በስተደቡብ በማይባር የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ የተቋቋመውም በዚያው ዘመን ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ግን በየቦታው ዛፉ ተጨፈጨፈ፣ እርከኑም ፈረሰ። ሕዝቡ ከተከለለው ቦታ ሣርም ሆነ እንጨት ሳያገኝ በትእዛዝ የተያዘበት መሬት ስለነበር የእኔ ብሎ አልጠበቀውም። አንድ ላይ ስንተክለው የከረምነውን ጥድ በሦስት ቀን ሲያወርዱት ቆሜ አይቻለሁ። ስለዚህ የጥበቃ ደመወዝ ብቻ አትጠይቁ። ሣሩን አጭዶ የመውሰድ መብት የማን እንደሆነ የሚወስን የመተዳደሪያ ደንብ በወረዳው እንዲጸድቅላችሁና ቦታው የማኅበረሰብ ደን ሆኖ እንዲመዘገብላችሁም ጠይቁ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 ማኅበረሰብን የደን ባለቤት አድርጎ ያውቀዋል።

ስለ ችግኝም አንድ ነገር ልጨምር። ተወዳዳሪው ስንት ችግኝ እንደሚያስተክል ቢነግራችሁ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የጸደቀውን ማን ቆጥሮ እንደሚያሳውቅ ጠይቁት።

መልስ፦ ከኮምቦልቻ፣ የሕግ ባለሙያ

የጋሼ ምክር እንዳለ ሆኖ፣ ጥያቄያችሁን ከመጻፋችሁ በፊት የምትጠይቁት ሰው ምን ማድረግ እንደሚችል ለዩ። የጥበቃ ክፍያ በአብዛኛው የወረዳ በጀት ጉዳይ ሲሆን፣ በጠቅላላ ምርጫ የሚወዳደሩት ግን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና ለክልል ምክር ቤት ነው። የፌዴራል ተወዳዳሪን የጥበቃ ደመወዝ ብትጠይቁት ሥልጣኔ አይደለም ብሎ በትክክል ይመልስላችኋል። እሱን መጠየቅ ያለባችሁ ስለ ሕግና ስለ ቁጥጥር ነው፤ በሴፍቲ ኔት የሚሠራው የማኅበረሰብ ሥራ ለቦረቦር ጥገና በእርግጥ መዋሉን ተመርጦ ሲገባ ይከታተል እንደሆነ መጠየቅ ትችላላችሁ። የክልል ተወዳዳሪን ደግሞ ክልሉ ለወረዳዎች በሚያከፋፍለው በጀት ውስጥ ለተፋሰስ እንክብካቤ የሚያዘውን ገንዘብ ጠይቁት። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ ከዚያ በፊት የተገኘ ቃል ከወረዳው የበጀት ዝግጅት ጋር ሊገናኝ ይችላል።

የምትቆሙበት ሕግ አላችሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን፣ በአንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝብ በአካባቢ ጥበቃ ፖሊሲ ዝግጅትና አፈጻጸም ሐሳቡን የመስጠት መብትን ይደነግጋል። የምክር ቤት አባል የመራጩን አመኔታ ካጣ ከአባልነቱ ሊወገድ እንደሚችል በአንቀጽ 54 ተጽፏል። ወረዳው ላለፉት ዓመታት ለጥበቃ ምን ያህል እንደመደበ ለማወቅም መረጃ የማግኘት መብትን በሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት በጽሑፍ ጠይቁ፤ አዋጁ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል። ከሁሉ በፊት ይህን ማመልከቻ አስገቡ፤ ቁጥሩ በእጃችሁ ካለ ስብሰባው ላይ የሚያታልላችሁ አይኖርም።

ስለ ገለልተኝነት፦ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ለሁሉም ፓርቲዎችና ለግል ተወዳዳሪዎች በአንድ ቀን ላኩ፤ ማንንም ምረጡ ወይም አትምረጡ አትበሉ። ስብሰባውን በመስጊድም ሆነ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር አታድርጉት፤ በአምልኮ ቦታ የምርጫ ቅስቀሳ የተከለከለ ነው። ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ያሉት አራት ቀናትም የጥሞና ጊዜ ስለሆኑ ከዚያ አስቀድማችሁ ጨርሱ። በጸጥታ ምክንያት ተወዳዳሪው ገጠር መውጣት ካልቻለ ደብዳቤውን በፓርቲው ጽሕፈት ቤት አስፈርማችሁ አስረክቡ።

መልስ፦ ከአምባሰል፣ የሴቶች ቡድን ተጠሪ

እኛ ይህንኑ ሞክረን የተሳሳትነውን ልንገርህ፣ ወንድም ዓለም። ተወዳዳሪውን ወደ አዳራሽ አልጠራነውም፤ በእግሩ ወደ ቦረቦሩ ወስደን ምንጩ ዘንድ አቆምነው። ከዚያ በፊት እኛ ሴቶች በየወሩ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ በስልክ ሰዓት እየያዝን በደብተር ጽፈን ነበር። በጥቅምት ተረት እስክናወራ የሚሞላው፣ በግንቦት አንዲት ልጅ አጠገቡ ተኝታ እስክትነቃ ይወስዳል። ደብተሩን ስናሳየው ዝም አለ፤ ከዚያ ተራራው ቢከለል ምንጩ እንደሚመለስ ራሱ መናገር ጀመረ።

ቃሉን በወረቀት አሰፈርን፣ ፈረመም። ስሕተታችን ወረቀቱ አንድ ብቻ መሆኑ ነው፤ ያንንም እርሱ ይዞት ሄደ። ከምርጫው በኋላ ብንጠይቅ እንዲህ ያለ ነገር አላስታውስም ተባልን፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሦስት ቅጂ አዘጋጁ፤ አንዱ በቅሬው ሳጥን፣ አንዱ በቀበሌው፣ አንዱ በተወዳዳሪው እጅ ይሁን። ደግሞ ፍየል ያላቸውን ሰዎች ከመጀመሪያው ጥሯቸው፤ መኖ ከየት እንደሚያገኙ ሳይነገራቸው ተራራው ቢከለል፣ የመጀመሪያዋ ፍየል የምትገባው በእነርሱ በኩል ነው።

መልስ፦ ከወልድያ

አክብሮቴ እንዳለ፣ በዚህ አልስማማም። የጤና ጣቢያና መንገድ ሳይሟላ ተራራን ማስቀደም ለተቸገረ ሕዝብ ከባድ ነው። ተወዳዳሪ የሚሰማን አንድ ጊዜ ነው፤ ያንን ጊዜ ለዛፍ ማዋል ያስቆጫል።

መልስ፦ ከደሴ፣ ጡረታ የወጣው ባለሙያ

የወልድያው ወንድማችን የሚናገረው ከችግር ነው፤ አልፈርድበትም። ነገር ግን የገጠር መንገዳችንን በየክረምቱ የሚቆርጠው ከተራቆተው ተዳፋት የሚወርደው ጎርፍ ነው። መንገዱ ዘንድሮ ተሠርቶ ላዩ ካልተከለለ ለከርሞ እንደገና መጠየቃችን አይቀርም። ሁለቱን በአንድ ደብዳቤ ማያያዝ ይቻላል፤ መንገዱ ሲሠራ ከበላዩ ያለው ተዳፋት አብሮ ይከለል ብሎ መጠየቅ ማንንም አይጎዳም።

ጠያቂው፦ ከተሁለደሬ

ሁላችሁንም አላህም እግዚአብሔርም ይስጥልኝ። ለክልል ምክር ቤት ተወዳዳሪዎች ያረቀቅነው እንዲህ ይላል፦ «ከመንደራችን በላይ ያለው ተዳፋት በመጪው ጥር እንዲከለል፣ የቦረቦሩ ክትር እንዲሠራና የሣሩ አጠቃቀም ደንብ እንዲጸድቅ፣ ለዚህም የሚያስፈልገው ገንዘብ ለወረዳው በሚመደበው በጀት ውስጥ እንዲካተት በምክር ቤቱ ይሟገታሉ ወይ? አዎ ወይም አይደለም ብለው ይፈርሙልን።» ቀረ የምትሉት አለ?

መልስ፦ ከደሴ፣ ጡረታ የወጣው ባለሙያ

አንድ ቅደም ተከተል አስተካክል። መጀመሪያ ላዩ ይከለል፣ ከማሳው በላይም የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈር፤ የድንጋዩ ክትር ከዚያ በኋላ ይመጣል። ላዩ ሳይያዝ ቦረቦሩ ውስጥ የተደረደረ ድንጋይ የመጀመሪያው የሐምሌ ጎርፍ ጠራርጎት ይሄዳል። ጥርና የካቲት ለድንጋዩና ለቦዩ፣ ሐምሌ ለተከላው እንዲሆን ወሮቹን ለይታችሁ ጻፉ። የጀሪካኑን ልኬትም ከዚህ ግንቦት ጀምሩ፤ ልጆቹ ራሳቸው ይያዙት።