የጭልጋዋ ጥንዚዛ፦ ለጋራ ፕሮፖዛሉ ሐሳብ ስጡ

ሰብሳቢ፦ ሰላም ጤና ይስጥልን። ከጎንደር በስተምዕራብ ካለችው ከጭልጋ የተላከልንን፣ የጥንዚዛ ቅሪተ አካል ያለበትን የድንጋይ ፎቶ ሁላችሁም አይታችኋል። ጥንዚዛ መሆኑ አያከራክርም፤ ሁለቱ የክንፍ ሽፋኖች የሚገጥሙበት መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለዩኒቨርሲቲውና ለቅርስ ባለሥልጣን የምናስገባውን ፕሮፖዛል እዚሁ እንጨርሰው።

ከሽምብጥ (ባሕር ዳር)፦ ርዕሱ «የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ባለረጅም ቀንድ ጥንዚዛ ቅሪተ አካል» ይሁን። ቀንዱ (መዳሰሻው ማለቴ ነው) እኮ ከሰውነቱ ይረዝማል!

ከዘንዘልማ (ባሕር ዳር)፦ ኧረ ቀስ በል ወንድሜ! «የመጀመሪያው» መሆኑን ማን ነገረህ? ቀንድ ብቻውንም ዋስትና አይሆንም። ዛሬ በሕይወት ካሉት ባለረጅም ቀንድ ጥንዚዛዎች ብቻ ከ35,000 በላይ ዝርያ ተመዝግቧል፣ ቅጠል በል ጥንዚዛዎች ደግሞ የቅርብ ዘመዶቻቸው ናቸው። ባለሙያ መጀመሪያ የሚያየው ዓይኑ እንደ ኩላሊት ጎድጎድ ብሎ የቀንዱን ሥር መክበቡን ነው። ከዚያ እግሩን ያያል፦ ጫፉ ላይ አምስት አንጓ እያለ አራት ይመስላል፣ ምክንያቱም አራተኛዋ ሚጢጢ ስለሆነች ሦስተኛው ውስጥ ትሸሸጋለች። በዚህ ፎቶ አንዱም አይታይም። «ሳይሆን አይቀርም» ብለን እንጻፍ፣ ዝርያውን አንንካ።

ከሽምብጥ፦ እሺ፣ ዕድሜው ግን ይግባ። የጭልጋ ደለል ወደ 27 ሚሊዮን ዓመት ነው፣ እነዚያ የጥንት ዝሆኖች የተገኙበት።

ፎቶ አንሺዋ፦ ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ ሳናውቅ? ጎርፍ አንከባሎት ቢሆንስ? ፎቶውን ለእኔ ተዉት። ማስመሪያ አጠገቡ አድርጌ፣ መብራቱን ከአናት ሳይሆን ከጎን ዝቅ አድርጌ አነሳዋለሁ። ደግሞ «ጥርት ይበል» ብላችሁ ውሃ እንዳታፈሱበት፣ እንዲህ ያለ ድንጋይ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ሌላኛው ግማሹም ይፈለግ፤ ድንጋዩ ሲከፈል ቀንዱ አንዱ ላይ፣ እግሩ ሌላው ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ጋሼ መምህር፦ ልጆች፣ ሕጉን እንዳትረሱ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያገኘ ሰው ባለበት ጠብቆ ሪፖርት ያደርጋል፣ ያለ ፈቃድ መቆፈር ክልክል ነው። ከረቂቁ «ወደ ባሕር ዳር እናምጣው» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር አውጧት። ለማነጻጸሪያ ዘጌ ጫካ ወድቀው የበሰበሱ ግንዶች ላይ የሚገኙትን የዛሬዎቹን ባለረጅም ቀንዶች እንመዝግብ፤ የእነዚህ ጥንዚዛዎች እጭ እንጨት እየበሳ ነው የሚያድገው።

ከዘንዘልማ፦ ጋሼ፣ ይቺን በእርስዎ ስም አስገብቻታለሁ። ማይክሮስኮፕም ከዩኒቨርሲቲው እንጠይቅ።

ሰብሳቢ፦ ርዕሱ «ከጭልጋ የተገኘ የጥንዚዛ ቅሪተ አካል ልየታ» ሆኗል። ጉዞው ከቅርስ ባለሙያ ጋር ብቻ። በጎንደር በኩል ጭልጋ ደርሶ መልስ የመኪና ኪራይ የሚያጠያይቅ ማነው?