ላላሸነፈ የሪያሊቲ ሾው ተወዳዳሪ ይከፈለዋል ወይ?

ጠያቂ (ከሜሪላንድ)፦
ጤና ይስጥልኝ። እዚሁ አሜሪካ ተወልዳ ያደገችው የእህቴ ልጅ ለአንድ የሪያሊቲ ሾው ውድድር ተመርጣ ውል እንድትፈርም ወረቀት ተልኮላታል። ቀረጻው ሳምንታት ስለሚወስድ ከመሥሪያ ቤቷ ያለ ደመወዝ ፈቃድ መውሰድ ይኖርባታል። እናቷ «ካላሸነፍሽ ባዶ እጅሽን ነው የምትመለሺው» ትላታለች፤ ልጅቷ ግን ለሁሉም ይከፈላል ባይ ናት። ላላሸነፈ ሰው የሚከፈለው ምንድን ነው? ደመወዝ ነው ወይስ የኪስ ገንዘብ?

ዘውዴ፦
እንደ ትዕይንቱ ይለያያል። ተወዳዳሪዎች ከሰው በራቀ ስፍራ እየኖሩ የሚፎካከሩበት የአሜሪካው ሰርቫይቨር እ.ኤ.አ. በ2000 ሲጀምር ለአሸናፊው 1 ሚሊዮን ዶላር፣ ለሁለተኛው 100,000 ዶላር የመደበ ሲሆን፣ የቀሩትም ተወዳዳሪዎች በቆይታቸው ልክ እየቀነሰ የሚሄድ ገንዘብ ያገኛሉ። ተወዳዳሪዎች በአንድ ቤት ተዘግተው የሚኖሩበት የአሜሪካው ቢግ ብራዘር በ2021 ሽልማቱን ከ500,000 ወደ 750,000 ዶላር ከፍ ያደረገ ሲሆን፣ በቤቱ ውስጥ ላሉት በየሳምንቱ አበል ይከፍላል። በፍቅር ውድድሮች ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በዘ ባችለር የሚከፈለው የትዳር አጋር ለሚመርጠው ዋናው ሰው እንጂ ሊመረጡ ለሚፎካከሩት ሴቶች አይደለም፤ ያን ሁሉ የምሽት ቀሚስም በአብዛኛው ከራሳቸው ኪስ ነው የሚገዙት።

ሰብለ፦
እኔ ከገንዘቡ መጠን ይልቅ ውሉ ተወዳዳሪዋን ምን ብሎ እንደሚጠራት እንድትመለከቱ እመክራለሁ። አዘጋጆቹ ብዙውን ጊዜ «ተሳታፊ» ወይም በራሱ የሚሠራ ሰው ይሏታል እንጂ ሠራተኛ አይሏትም፤ ሠራተኛ ካልተባለች ደግሞ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያም ሆነ የትርፍ ሰዓት ክፍያ አይመለከታትም። ይሁን እንጂ ስሙ ብቻውን አይወስንም። የፈረንሳይ ሰበር ሰሚ ፍርድ ቤት ሰኔ 3 ቀን 2009 እ.ኤ.አ. በአንድ የፍቅር ፈተና ትዕይንት ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ ተወዳዳሪዎቹ በአዘጋጁ ትእዛዝ ስለሚነሡና ስለሚተኙ፣ የታዘዙትን ከመፈጸም ውጭ ምርጫ ስለሌላቸውና ከውጭ ሰው ጋር እንዳይገናኙ ስለተከለከሉ ከአዘጋጁ ጋር ያላቸው ውል የሥራ ውል ነው ብሏል። በአሜሪካም ሰዎች ሳይተያዩ የሚታጩበት የላቭ ኢዝ ብላይንድ ትዕይንት ተወዳዳሪ የነበረ ሰው በሳምንት 1,000 ዶላር እየተከፈለን በቀን እስከ 20 ሰዓት ተቀረጽን ብሎ በ2022 ከሰሰ፤ ክሱ በ2024 በ1.4 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ።

አንድ ታዛቢ፦
ወይዘሮ ሰብለ፣ ማንም አስገድዶ አላስገባቸውም። ከትዕይንቱ በኋላ በማስታወቂያ የሚያገኙትስ አይቆጠርም?

ሰብለ፦
ለጥቂቶቹ ይቆጠር ይሆናል፤ ነገር ግን ያን የሚከፍለው ማስታወቂያ አስነጋሪው እንጂ ሌሊቱን ሙሉ የቀረጻቸው ኩባንያ አይደለም፤ በመጀመሪያው ሳምንት ለተሰናበተች ልጅ ደግሞ ያም የለም።

ጌታቸው፦
ግብሩን እንዳትዘነጉት። በአሜሪካ ሽልማትም ሆነ ሳምንታዊ አበል እንደማንኛውም ገቢ ግብር ይከፈልበታል፤ አዘጋጁ ከሽልማቱ አስቀድሞ ግብር የማይቀንስ ከሆነም ገንዘቡ ሙሉ ሆኖ እጅ ይገባና ዕዳው ኋላ ይመጣል። የሰርቫይቨር የመጀመሪያው አሸናፊ ሪቻርድ ሃች የሚሊዮኑን ግብር ባለመክፈሉ በ2006 የ51 ወር እስራት ተፈርዶበታል። ሌላው መታየት ያለበት ገንዘቡ መቼ ይከፈላል የሚለው ነው፤ ሽልማት ብዙውን ጊዜ የመጨረሻው ክፍል ከተላለፈ በኋላ ስለሚሰጥ፣ ቀረጻው ካለቀ በኋላ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ፤ የቤት ኪራይ ግን ያን ያህል አይጠብቅም።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወረቀቱን ደግመን ስናነበው ሳምንታዊ ክፍያው ተጽፏል፤ በቀን ስንት ሰዓት እንደምትቀረጽ ግን አንድም ቃል የለም። በራሷ ፈቃድ ካቋረጠች የምትከፍለው ቅጣት ግን በዝርዝር ሰፍሯል። ወደ ምን ዓይነት ጠበቃ እንሂድ?

ሰብለ፦
የመዝናኛ ውሎችን የሚያውቅ ይሻላል፤ የሥራ ሕግንም ከጨመረ እሰየው። ቅጣቱ ያለበትን አንቀጽ አስቀድማችሁ አሳዩት፤ ፊርማው ከዚያ በኋላ ይሁን።