የዕቅድ ውይይት፦ ኦርጅናል የኃይል ትራንዚስተር በጋራ ስለመግዛት (የድሬዳዋና የሐረር አምፕና ኢንቨርተር ጠጋኞች ማኅበር፤ አባላቱ በሱቃቸው ወይም በሰፈራቸው ስም ተጠርተዋል)

ጸሐፊ፦
ረቂቁ ይኸው። ከኦንላይን ገበያ በየግል ማዘዝ ይቁም። ማኅበሩ በአንድ ደረሰኝ፣ አምራቹ ራሱ በድረ ገጹ ከሚዘረዝራቸው ሕጋዊ አከፋፋዮች ይግዛ። ለአምፕ 2ኤስሲ5200 መቶ፣ ጥንዱ 2ኤስኤ1943 መቶ፣ ለኢንቨርተር አይአርኤፍ3205 ሞስፌት ሦስት መቶ። ገንዘቡ ቀድሞ ይሰበሰባል፣ ያልከፈለ አይደርሰውም። የጥቅምቱን የፎርጅድ ካርቶን ነገር ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም። ዋጋ የማስመጣቱን ሥራ ሳቢያን ኢንቨርተር ወስዷል። ማሻሻያ ያለው እስከ ዓርብ ይጻፍ።

ከዚራ አምፕ፦
5200ን በአሮጌው ስም ብቻ አትጻፉት። ቶሺባ ቲቲሲ5200 እና ቲቲኤ1943 የሚል አለው፤ ያው 230 ቮልት፣ 15 አምፔር፣ 150 ዋት ነው። እሱ ከጠፋ የኦንሴሚ ኤምጄኤል3281ኤ እና ኤምጄኤል1302ኤ ይምጣ፤ 260 ቮልት፣ 200 ዋት፣ የእግሩ ቅደም ተከተል አንድ ነው፦ ቤዝ፣ ኮሌክተር፣ ኤሚተር። ኤምጄኤል21193 እና 21194 ግን አይሁኑ። ጉልበታቸው ጥሩ ነው፣ ፍጥነታቸው ግን 4 ሜጋኸርዝ ነው፤ 5200 ደግሞ 30 ነው። ለ5200 በተሠራ ቦርድ ላይ ሳያስተካክሉ መትከል አምፑን ሊያስጮኸው ይችላል።

ሳቢያን ኢንቨርተር፦
ሦስት መቶውም 3205 አይሁን። በፑሽፑል ኢንቨርተር (ሞስፌቶቹ በሁለት ወገን በየተራ በሚሠሩበት) ድሬን በሚባለው እግር ላይ የሚያርፈው ቮልቴጅ የባትሪው እጥፍ ነው። ባለ 12 ቮልቱ 28 ገደማ ላይ ይቆማል፣ 3205 የሚችለው 55 ስለሆነ አይቸግረውም። ባለ 24 ቮልቱ ባትሪው ሲሞላ 28 ነው፣ እጥፉ 56፣ ስፓይኩ (የቅጽበት ዝላዩ) ገና ሳይደመር። ኦርጅናልም ቢሆን ይሞታል። ስለዚህ ሁለት መቶ 3205፣ መቶ አይአርኤፍቢ4110 (100 ቮልት) ይሁን። ፋብሪካው በቲዩብ (በረጅም የፕላስቲክ ቱቦ) ሃምሳ ሃምሳ ነው የሚያሽገው፣ ቁጥሩ የሃምሳ ብዜት ይሁን። ዋጋውን ሰኞ አመጣለሁ።

ለገሃሬ፦
ደንበኛው የሠርግ አምፕ ይዞ መጥቶ «ነገ ማታ እፈልገዋለሁ» ነው የሚለው። የኦርጅናሉን ዋጋ ስትነግሩት ጥሎ ይሄዳል። ይህንን ማን አሰበበት?

ከዚራ አምፕ፦
ጥሎ የሚሄደው ዛሬ ነው። ፎርጅዱን የተከልንበት ግን በሁለተኛው ሠርግ አምፑን ከተቃጠለ ስፒከር ጋር ይዞ ይመለሳል። አንድ 5200 ሾርት ሲያደርግ ዲሲው ቀጥታ ዎፈሩ ላይ ነው የሚወጣው።

ደግሞ 150 ዋት የሚባለው ኬሱ (የትራንዚስተሩ አካል) 25 ዲግሪ ላይ እያለ ነው። ከዚያ በላይ በየዲግሪው 1.2 ዋት ይቀንሳል። ሂትሲንኩ (ማቀዝቀዣ ብረቱ) ሞቆ ኬሱ 75 ሲደርስ ኦርጅናሉ ራሱ 90 ዋት ብቻ ነው የሚችለው። በድሬ ግንቦት ወር ሂትሲንክ 75 መድረስ ብርቅ አይደለም። ውስጡ ትንሽ ችፕ ያለው ፎርጅድ እዚያ ላይ አንድ ዘፈን አያስጨርስም።

ሐረር ሸዋ በር፦
እኛ ጋ አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ፎርጅዱ ሳምንት ይሠራና ደንበኛው ተማምኖ ከወሰደው በኋላ ነው የሚሞተው። የባሰ ነው።

የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ዕቃው ድሬ ይገባል፣ ድሬ ይከፈላል፣ የሐረር ድርሻ በሚኒባስ ይላካል። መንገድ ላይ ወይ ሱቅ ላይ ከሌላ ጋር እንዳልተቀላቀለ በምን እናውቃለን? ምልክት ያስፈልጋል።

ጸሐፊ፦
ትክክል ነው። የማኅበሩ በሆነው ሁሉ ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ጠብ ይደረግበት። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል።

ለገሃሬ፦
ቀይ የጥፍር ቀለም እዚህ ድሬ ታይዋን ገበያ በየሱቁ አለ። ማንም ጠብ ያደርግበታል። ይሄ ምልክት ነው?

ታይዋን ሱቅ፦
አቦ፣ ታይዋን ታይዋን አትበሉ። ሁሉ ነገር ታይዋን ላይ ይለጠፋል። እኔ የምሸጠውን ሞስፌት በደረሰኝ ነው የምሸጠው፣ የተመለሰብኝንም ቀይሬ ሰጥቻለሁ።

ለገሃሬ፦
ስለ አንተ ማን አወራ? ስለ ቀለም ነው ያወራነው።

ሐረር ሸዋ በር፦
ቀለሙ አይሆንም። ምክንያቱ ደግሞ ሌላ ነው። የተፈቀ ትራንዚስተር መለያው አሴቶን ነው። ጥጥ ነክረህ ፊቱን ስታሸው ጥቁሩ ቀለም ጥጡ ላይ ከወጣና ከሥሩ የሞረድ ጭረት ከታየ ተፍቆ እንደገና የተጻፈበት ነው። በሌዘር የተጻፈ ኦርጅናል አይለቅም። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያውም ያው አሴቶን ነው። አንዱ ሊፈትን ሲያሸው የማኅበሩ ምልክት ከጥጡ ጋር ይሄዳል።

ከዚራ አምፕ፦
ጀርባው ላይ ጠብ ይደረግ ልል ነበር። እሱም አይሆንም። ብረቱ ላይ ቀለም ካለ ሚካው (ከሂትሲንኩ የሚለየው ስስ ማገጃ) ላይ በደንብ አይተኛም፣ ሙቀት ይይዛል።

ጸሐፊ፦
ጎኑ ላይ።

ከዚራ አምፕ፦
የ3205 ጎን ምን ያህል ነው? ከሂትሲንክ ጋር ስትጠብቀው ጎኑ ማን ሊያየው?

ለገሃሬ፦
በመርፌ ይጫር።

ሐረር ሸዋ በር፦
የተጫረ ትራንዚስተር የተፈቀ ነው ብለን እያስተማርን እኛው እንጫር? ደንበኛ ምን ይላል?

ታይዋን ሱቅ፦
ስቲከር።

ለገሃሬ፦
ሙቀቱ ይልጠዋል።

ገንዘብ ያዥ፦
ለጥፍር ቀለም ይህን ያህል ከጻፋችሁ ለብሩ ስንት ልትጽፉ ነው? ባለፈው መዋጮ ያልከፈሉ ስማቸው እኔ ጋ አለ። እነሱ ሳይከፍሉ አዲስ መዋጮ አልቀበልም። ደግሞ የአከፋፋዮቹ ክፍያ በዶላር ነው፣ በማን ስም፣ በየትኛው ባንክ ይከፈላል? ቀረጡስ? ረቂቁ ላይ አንድ መስመር የለም። ሳቢያን ኢንቨርተር፣ ሰኞ አልፏል፣ ዋጋው የታለ?

ጸሐፊ፦
እሺ፣ ቀለሙ ይለያይ። ድሬ ቀይ፣ ሐረር ሰማያዊ። የሄደው የማን እንደሆነ ይታወቃል።

ሐረር ሸዋ በር፦
ለምንድን ነው እኛ ሰማያዊ የምንሆነው? አንድ ዕቃ፣ አንድ ደረሰኝ፣ እኩል መዋጮ ነው ያላችሁን። አሁን ቀለም ተለየ። ነገ ድርሻ ይለያል፣ ከነገ ወዲያ የተረፈው ለሐረር ይባላል። እንደዚህ ከሆነ ሐረር ብቻዋን ታዝዛለች።

ለገሃሬ፦
እዘዙ። ማን ያዛችሁ?

ሰብሳቢ፦
በቃ። ልጄ ለገሃሬ፣ ቃልህን መልስ። የሐረሮቹ መዋጮ ከእናንተ ቀድሞ ነው የገባው፣ ገንዘብ ያዧን ጠይቃት። ማንም ብቻውን አያዝም። የጥቅምቱም ካርቶን የመጣው ሁሉም ለየብቻው ስላዘዘ ነው። የቀለም ነገር ይቅር። ምልክቱ ዕቃው ላይ ሳይሆን ማሸጊያው ላይ ይሁን፤ አከፋፋዩ የሚለጥፈው መለያ የአምራቹ የሎት (የአንድ ዙር ምርት) ቁጥርና የምርት ቀን አለው፣ ያንን ሳይነቅሉ ሃምሳውን በቲዩቡ ማስተላለፍ ነው።

ሐረር ሸዋ በር፦
ጋሼ፣ ይቅርታ። ነገሩ ግን ይቀራል። እኛ ሃምሳ አንገዛም፣ ሃያ ነው። ቲዩቡ ከተከፈተ መለያው ምን ይሠራል?

ለገሃሬ፦
እኔም ቃሌን መልሻለሁ ጋሼ። ጥያቄው ግን የኔም ነው። ሦስት የሚገዛስ?

ከዚራ አምፕ፦
እንግዲያው መለያው ምልክት አይሁን፣ ፍተሻ ይሁን። ማንም ይዞት ቢመጣ፣ ከማኅበሩም ይሁን ከሱቅ፣ ዓይኑ እያየ ይለካ። ለ3205 ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ባለ 12 ቮልት ባትሪ፣ የመኪና የፊት መብራት 55 ዋት አምፖል፣ አንድ 10 ኪሎኦም ሬዚስተር። አምፖሉን ከባትሪው ፖዘቲቭ ወደ ድሬን፣ ሶርሱን ወደ ኔጌቲቭ፣ ጌቱን በ10 ኪሎው ወደ ፖዘቲቭ። አምፖሉ ሲበራ 4.5 አምፔር ገደማ ያልፋል። ከዚያ ቴስተሩን ሚሊቮልት ላይ አድርጋችሁ በድሬንና በሶርስ መካከል ለኩ። የ3205 ሬዚስታንስ ቢበዛ 8 ሚሊኦም ስለሆነ ከ36 ሚሊቮልት መብለጥ የለበትም። ወደ 80 ካሳየ አይአርኤፍዜድ44ኤን የሚባለው አነስተኛ ሞስፌት ተፍቆ 3205 የተጻፈበት ሊሆን ይችላል፤ የሱ 17.5 ሚሊኦም ነው። ከዚያም ካለፈ ምንነቱ አይታወቅም፣ አትትከሉት።

የቴስተሩ ጫፍ እግሩ ከኬሱ የሚወጣበት ሥር ላይ ይነካ። እግሩ ጫፍ ላይ ወይም ክሊፑ ላይ ከለካችሁ የእግሩና የክሊፑ ሬዚስታንስ ተደምሮ ኦርጅናሉን ፎርጅድ ያሰኘዋል። ጥላቻ የሚፈጠረው እዚህ ጋ ነው፣ ሻጩ ላይ ያለ ጥፋቱ ይጮሁበታል።

ታይዋን ሱቅ፦
ይህን የመጨረሻውን ረቂቁ ላይ አስገቡልኝ።

ሐረር ሸዋ በር፦
እኛ ጋ ኤልሲአር-ቲ4 የሚባለው የትራንዚስተር መፈተሻ አለ። የጌቱን ካፓሲተር ያነባል። 3205 በሰነዱ 3247 ፒኮፋራድ ነው፣ ያውም 25 ቮልት ላይ ሲለካ። ያለ ቮልቴጅ ሲለካ ከዚያ ከፍ ይላል። ከ3 ናኖፋራድ በታች ያነበበ ችፑ ትንሽ ነው። ባትሪ ከመጎተት ይህ ይፈጥናል።

ከዚራ አምፕ፦
ለመጀመሪያ ወንፊት ጥሩ ነው። ብቻውን ግን አይበቃም፣ ሁለቱም ይደረጉ።

ለገሃሬ፦
5200ስ? ያቃጠለን እሱ ነው። በዳዮድ ቴስት ሁሉም ደህና ነው የሚመስለው።

ከዚራ አምፕ፦
በዳዮድ ቴስት ትንሹም ትልቁም አንድ ነው። ሁለት ነገር ይለካል። አንደኛው ቮልቴጅ። ሁለት ባለ 12 ቮልት ትራንስፎርመር ጀርባ ለጀርባ ይታሰራሉ፣ ባለ 12ቱ ከባለ 12ቱ። ይህ የሚደረገው መፈተሻ ሣጥኑ ከመብራት ኃይል መስመር እንዲለይ ነው፤ ቀጥታ ከሶኬት የሚሠራ ካለ እኔ እጄን አላስገባም። ወጪው በብሪጅ (በአራት ዳዮድ) ወደ ዲሲ ተቀይሮ 4.7 ማይክሮፋራድ ባለ 450 ቮልት ካፓሲተር ላይ ይከማቻል፣ 250 እና 280 ቮልት መካከል ይሆናል። ከዚያ ሁለት 470 ኪሎኦም በተከታታይ ወደ ኮሌክተር። ሁለት ያልኩት አንዱ ትንሽ ሬዚስተር ያን ቮልቴጅ ብቻውን ስለማይችል ነው። ኤሚተር ወደ ኔጌቲቭ፣ ቤዙ ክፍት። ኮሌክተርና ኤሚተር ላይ ሲለካ ኦርጅናሉ ከ230 በላይ ይይዛል። 100 ወይ 140 ላይ ከቆመ 5200 አይደለም። ለ1943 ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን ገልብጡ። ካፓሲተሩ ላይ 220 ኪሎኦም ባለ 1 ዋት በቋሚነት ይበየድ፣ አለዚያ ሣጥኑ ተነቅሎም ይመታል።

ሁለተኛው ጉልበት። ቮልቴጁን የሚችል ግን ችፑ ትንሽ የሆነ አለ። ያንኑ የመኪና አምፖል ኮሌክተር ላይ፣ ቤዙን በ56 ኦም ባለ 5 ዋት ወደ ፖዘቲቭ። ኮሌክተርና ኤሚተር መካከል ከ1 ቮልት በታች መሆን አለበት። ትንሹ ችፕ ከዚያ ያልፋል፣ ወዲያውም ይግላል። ከሦስት ሰኮንድ በላይ አታቆዩት።

ሰብሳቢ፦
የተጠረጠረውን ከፍቶ ማየትስ?

ከዚራ አምፕ፦
ከሎቱ አንዱን መሥዋዕት ማድረግ ነው ጋሼ። ሞርሳ ላይ በጎኑ ይያዝና ፕላስቲኩ እስኪሰነጠቅ ይጠበቃል፣ በፒንሳ ይላጣል። የጥቅምቱ ውስጡ ምስር የምታክል ችፕ ነበረች፣ ከሥሯ ያለው መዳብም ስስ ነው። የኦርጅናሉ ችፕ ሰፊ ነው፣ መዳቡም ወፍራም። አቧራው አይዋጥ፣ አፍንጫ ይሸፈን።

ገንዘብ ያዥ፦
ሣጥኑ ስንት ያወጣል?

ለገሃሬ፦
አምፖሉም ባትሪውም ሁሉ ቤት አለ። ትራንስፎርመሩ ከተበላሸ ዕቃ ይነቀላል። ከትዕዛዙ ጋር አይወዳደርም።

ገንዘብ ያዥ፦
እንግዲያው ያለው ብር ለሁለት ሣጥን ይበቃል፣ አንድ ለዚህ፣ አንድ ለሐረር። ለትዕዛዙ አይበቃም፣ ያልከፈሉትም አልከፈሉም። ሳቢያን ኢንቨርተር ዋጋ አላመጣም፣ ስልክም አያነሳም። ያለ ዋጋ ማን ያዛል?

ጸሐፊ፦
የተጀመረው ትዕዛዝ ለመስጠት ነበር እኮ።

ታይዋን ሱቅ፦
ሣጥን ካለ እኔ የማመጣውን እናንተ ጋ አስፈትሼ እሸጣለሁ። ያለፈውን ውሰዱ፣ የወደቀውን ለላከው እመልሳለሁ። ማስፈተሻ ይከፈል ካላችሁም እከፍላለሁ።

ለገሃሬ፦
ይከፈል። ከውጭ ሰውም ይከፈል። ማኅበሩ ገቢ ያገኛል።

ሐረር ሸዋ በር፦
አባል በነፃ።

ከዚራ አምፕ፦
አንድ ነገር ግን አትርሱ። ሣጥኑ ፎርጅዱን ይጥልልናል እንጂ ኦርጅናል አያመጣልንም። መቶ ፈትሸን ዘጠና ከጣልን አምፑን በምን ልንሠራው ነው? ቢያንስ አራት አራት 5200ና 1943፣ አምስት 3205 ከአከፋፋይ ይምጣ፣ ማነጻጸሪያም ይሆናል። ከአሮጌ ዩፒኤስና ከሞቱ የጃፓን አምፖች የሚነቀለውንም ቁራሌው ጋ ከመሄዱ በፊት እንሰብስብ፤ ኦርጅናል የሚገኘው እዚያ ነው። ሲነቀል እግሩ አይቆረጥ፣ ስታኞው ሙሉ በሙሉ ይመጠጥ።

ሰብሳቢ፦
ረቂቁ እንዲህ ይታረም፦ ሁለት መፈተሻ ሣጥን፣ በከዚራና በሸዋ በር። የነቀላ ዕቃ ዝርዝር በጸሐፊው በኩል። ማነጻጸሪያዎቹን የሚያስመጣ ሰው ይመዝገብ። ትልቁ ትዕዛዝ መዋጮው ሲሟላ ይታያል።

ገንዘብ ያዥ፦
ማነጻጸሪያውን ማን ያስመጣል? እስካሁን የተመዘገበ የለም።

ሐረር ሸዋ በር፦
የተፈተሸው ላይስ ምን ምልክት ይደረግበታል?

ከዚራ አምፕ፦
ወንድሜ፣ ያን እባክህ ተወው። ትራንስፎርመር ያላችሁ እስከ እሑድ አምጡ። 12 ቮልት፣ 1 አምፔር ይበቃል፣ ሁለቱ ግን አንድ ዓይነት ይሁኑ፣ ካልሆነ ወጪው ከ230 በታች ሊወርድና ፍተሻው ከንቱ ሊሆን ይችላል።