አስቸኳይ፦ ማሞቂያ ስንሰካ ብሬከር ይወርዳል፣ ዲቫይደሩም ቀለጠ

የአራት ኪሎዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ አራስ ናት፣ ምድር ቤት ኮንዶሚኒየም ነው፣ ማታ ማታ ብርዱ አይቻልም። ማሞቂያው ከተሰካ ትንሽ ቆይቶ ብሬከሩ ይወርዳል። አሁን ደግሞ ዲቫይደሩ ቀልጦ ቤቱ ሸተተ። ካርዱም ሲሞላ ወዲያው ነው የሚያልቀው። ሌላ ልግዛ? መብራት የማይበላ ርካሽ የትኛው ነው? ቶሎ እባካችሁ!

ቀልደኛው፦ እንኳን ማርያም ማረቻት! መብራት የማይበላ ማሞቂያ ጋቢ ይባላል።

ሽቦ፦ መጀመሪያ ንቀይው። ከጀርባው ስንት ዋት ይላል? ብሬከሩ እንደተሰካ ነው የሚወርደው ወይስ ቆይቶ? ያኔ ሌላ ምን በርቶ ነበር?

የአራት ኪሎዋ፦ 2000 ይላል፣ ፋን ያለው ነው። አሥር ደቂቃ ገደማ ቆይቶ። እንጀራ እየተጋገረ ነበር፣ እሱ ምን አገናኘው?

ሽቦ፦ በደንብ ያገናኘዋል። 2000 ዋት በ220 ቮልት 9 አምፔር ይስባል። ምጣዱ 3500 ዋት ከሆነ 16 ነው። በድምሩ 25፣ ፍሪጁን ሳንቆጥር። ብሬከሩ ባለ 20 ከሆነ ቀስ ብሎ ይሞቅና ይወርዳል፤ አሥር ደቂቃው ይኸው ነው። እንደተሰካ ወዲያው ቢወርድ ኖሮ ማሞቂያው ራሱ ሾርት አድርጓል እንል ነበር። ስለዚህ ምጣድና ማሞቂያ አብረው አይብሩ። ብሬከሩን በትልቅ ቀይሩት የሚል ከመጣ እንዳትሰሙት፣ ያኔ የሚቃጠለው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው።

ዲቫይደሩ ሌላ ጉዳይ ነው። የርካሾቹ ሽቦ ቀጭን ነው፣ ውስጡ ያለው ብረትም ስፒናውን አጥብቆ አይዝም። የላላ ቦታ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ደግሞ ይብስ ይላላል። ጣሉት፣ በፕላስተር አትጠግኑት። ማሞቂያውን ግድግዳ ሶኬት ላይ ብቻውን ስኩት። ከመሰካታችሁ በፊት ግን የስፒናውን እግሮች እዩ፤ ከጠቆሩ ወይም ፕላስቲኩ ከተጣመመ ስፒናው ይቀየር፣ አለዚያ አዲሱንም ሶኬት ያበላሸዋል። ግማሽ ሰዓት ካበራሽ በኋላ ነቅለሽ ስፒናውን ዳብሺው። ለብ ቢል ችግር የለውም፣ እጅ የሚያስነሳ ከሆነ አቁሚ።

የሰፈሩ ልጅ፦ ከሰል አቀጣጥሎ ማስገባት ነዋ፣ ድሮ በምን ነበር የሚሞቀው?

ሽቦ፦ በፍጹም! ፍሙ አመድ ለብሶ ጭሱ ቢጠፋም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። አይታይም፣ አይሸትም፣ በተዘጋ ቤት እናትም ልጅም ተኝተው እንዳሉ ይገድላል። ይህን ምክር አጥፋው።

ጋሽ መምህር፦ ልጆች፣ አንድ ነገር እንተማመን። ማንኛውም ተሰኪ ማሞቂያ፣ የዘይትም ሆነ የፋን፣ ከ1 ኪሎዋት ሰዓት የሚሰጠው ሙቀት እኩል ነው። «ቆጣቢ» የሚለው ስቲከር ማሻሻጫ ነው። ልዩነቱ አጠቃቀሙ ላይ ነው። ፋኑ ክፍሉን ቶሎ ያሞቃል፣ ሲጠፋ ወዲያው ይቀዘቅዛል፣ ድምፅም አለው። ቀይ የሚበራው ኳርትዝ 400 እና 800 ዋት አለው፣ ፊት ለፊቱ ለተቀመጠ ሰው ርካሽ ነው፣ ግን ከጀርባችሁ ያለው ክፍል አይሞቅም፣ ልጅ ላለበት ቤትም አልመርጠውም። የዘይቱ ለመሞቅ ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል፣ ከጠፋም በኋላ ሙቀቱ ይቆያል። ለአራስ ክፍል እሱ ይሻላል። በግምት ለአንድ ካሬ ሜትር 100 ዋት ያዙ፤ 12 ካሬ ለሆነ ክፍል 1200 አካባቢ ይበቃል፣ ባለ 2500 ምን ያደርጋል?

ሒሳብ፦ በቁጥር ልጨምር። 2000 ዋቱ ሌሊቱን 8 ሰዓት ያለማቋረጥ ከሠራ 16 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ በወር 480። 1000 ላይ ተደርጎ ቴርሞስታቱ (ሙቀቱ ሲበቃ ራሱ የሚያጠፋው) ግማሹን ጊዜ ቢያጠፋው 4፣ በወር 120። ለምሳሌ በ5 ብር ብናሰላው 2400 እና 600 ብር ማለት ነው። ትክክለኛውን ዋጋ ከቅርብ ጊዜ ደረሰኝ ውሰጂ፤ ታሪፉ ከመስከረም 2017 ወዲህ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው፣ ፍጆታ ሲበዛም የእርከኑ ዋጋ ከፍ ይላል። ማታ 3 ሰዓት ላይ ቆጣሪው ላይ ያለውን ጻፊ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አወዳድሪ።

ሰላም ካዛንቺስ፦ ዲቫይደር አትጠቀሙ፣ ግድግዳ ላይ ስኩት።

ቀልደኛው፦ ተብሏል እኮ እህቴ 😄

ቤተኛ፦ እኔ ግን አዲስ ማሞቂያ የሚለው አልተዋጠልኝም። ምድር ቤት ከሆነ ብርዱ በበሩ ሥርና በመስኮቱ ጠርዝ ነው የሚገባው። እጅሽን አስጠግተሽ ፈትሺ። በበሩ ሥር የጎማ ማሸጊያ፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ፣ መስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ። ያ ሳይደረግ የሚገዛው ማሞቂያ ደጁን ነው የሚያሞቀው። ቀን ላይ ትንሽ አናፍሱት ታዲያ።

የአራት ኪሎዋ፦ ምጣዱ ጠፍቶ ግድግዳው ላይ ሰክተነዋል፣ እስካሁን አልወረደም። የዘይቱን ስገዛ ምን ልይ?

ሽቦ፦ ሱቁ ውስጥ አሰኪው። ሲሞቅ ቴርሞስታቱን ዝቅ ስታደርጊ «ቀጭ» ብሎ ማጥፋት አለበት። ከክንፎቹ ሥር በነጭ ሶፍት ጥረጊ፣ ዘይት ከነካው ተይው። ሲወድቅ ራሱን የሚያጠፋ ይሁን፣ ስፒናውም ግራውንድ ያለው። ቤት ስትገቡ ከአልጋና ከመጋረጃ 1 ሜትር አርቁት፣ የሕፃን ልብስም አይሰጣበት። መብራት ሲሄድ ንቀሉት፤ ሲመለስ ቮልቴጁ እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ።

ተከራይ ፒያሳ፦ የጋራ ቆጣሪ ላይ ያለንስ? አከራዬ «ማሞቂያ ከሰካህ ግማሹን ቢል ትከፍላለህ» ብለውኛል።

ቀልደኛው፦ ወደ ጋቢው እንመለስ እንግዲህ።